ነፍሰ ጡርና አራስ ሆነሽ ከጫት ለመላቀቅ፤ ለድሬዳዋ እናቶች የተዘጋጀ መመሪያ

ከአወዳይ የተጫነው ጫት ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ ሲገባ የከተማዋ ቀን ለሁለት ይከፈላል። ከምሳ በኋላ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ውሃና ለስላሳ ይቀርባል፣ በርጫ የሚባለው ቅሚያ ይጀመራል። በዚያ መሀል ነፍሰ ጡር ሴት ብትቀመጥ የሚደነቅ የለም፤ እናቷም አክስቷም እርጉዝ ሆነው ቅመዋል። በማግስቱ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን ስለ ጫቱ አትናገርም። ብዙ ጊዜም የሚጠይቃት የለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህች እናት ነው። እርጉዝ ሆነሽ የምትቅሚ ከሆነ፣ ወልደሽ እያጠባሽ የጫት አምሮቱ (ሐራራው) ያስቸገረሽ ከሆነ፣ ወይም ከጫቱ ጋር ትራማዶልን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ፣ የእንቅልፍ ኪኒን ወይም መጠጥ የምትወስጂ ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ተከተዪ። ማንበብ የማትችል እህት ወይም ጎረቤት ካለችሽ አንብቢላት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢ፤ ሱስ ሕክምና ያለው የጤና ችግር ነው። እናትንና ልጅን አብዝቶ የሚጎዳው የተደበቀ ሱስ ነው፤ የተደበቀ ነገር አይመረመርም፣ አይታከምም። ብቻሽን እንዳልሆንሽም ዕወቂ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 12 በመቶው፣ ከወንዶቹ ደግሞ 27 በመቶው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል።

ጫት በማህፀንና በጡት ወተት ላይ ምን ያደርጋል?

በለጋው ጫት ውስጥ ያለው ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። በአሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ከተቆረጠ ሁለት ቀን ገደማ ሲሞላው ኃይሉ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የጫት መኪና የሚከንፈውም ለዚህ ነው። ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥሮችንም ያጠብባል። ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄደው ደም ሲቀንስ ለጽንሱ የሚደርሰው ምግብና ኦክስጅን አብሮ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በየመን የተሠሩ ጥናቶች በእርግዝና ወቅት የሚቅሙ እናቶች የሚወልዷቸው ሕፃናት ክብደት ዝቅ እንደሚል አመልክተዋል።

ሁለተኛው ጉዳት የደም ማነስ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ በውስጡ ያለው ታኒን ደግሞ የበላሽው ምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ገጠሮች የተሠራ ጥናት፣ የሚቅሙ ነፍሰ ጡሮች ከማይቅሙት ይልቅ በደም ማነስ እንደሚጠቁ አሳይቷል። ደሟ ያነሰ እናት በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈስሳት የመቋቋም አቅሟ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው በጡት በኩል የሚመጣው ነው። ከጫቱ የሚመጣ አነቃቂ ንጥረ ነገር በሚቅሙ እናቶች ወተት ውስጥ፣ በሚጠባ ሕፃን ሽንት ውስጥም ተገኝቷል። ብዙ እናቶች ሲቅሙ ወተታቸው እንደሚቀንስ፣ ልጃቸውም እንቅልፍ እንደሚያጣና እንደሚነጫነጭ ራሳቸው ይናገራሉ።

ይህን የምነግርሽ እንድትደነግጪ አይደለም። የቃመች እናት ሁሉ የታመመ ልጅ አትወልድም። ጉዳቱ በምትቅሚው መጠን፣ በምግብሽ ማነስ፣ በሲጋራና በሺሻ ይከፋል። በየትኛውም የእርግዝና ወር ብታቆሚ ልጅሽ ይጠቀማል፤ የመጨረሻዎቹ ወራት ጽንሱ ክብደት የሚጨምርባቸው ስለሆኑ በ7ኛው ወር ማቆምም ዘገየ አይባልም።

ደረጃ 1፦ የምትወስጂውን ሁሉ ለይተሽ ዕወቂ

ወረቀት ውሰጂና በሳምንት ውስጥ የምትወስጂውን ሁሉ፣ መጠኑንና ሰዓቱን ጻፊ። መጻፍ ካልቻልሽ በቃልሽ ያዢ። የሚከተሉትን አትዝለዪ፦

ጫት፦ በቀን ስንት ጊዜ? ማለዳ ሐራራን ለማስታገስ የሚቃመው ኢጃባና አለ ወይስ የከሰዓቱ በርጫ ብቻ?

ሲጋራና ሺሻ፦ አንቺ ባታጨሺም ሌሎች የሚያጨሱበት ክፍል ውስጥ የምትቀመጪ ከሆነ ጻፊው።

ጨብሲ፦ ምርቃናውን (የጫቱን ንቃት) ለማብረድ ማታ ማታ ቢራ፣ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ ትወስጃለሽ?

የእንቅልፍ ኪኒን፦ ዲያዚፓምና የመሳሰሉት።

የሕመም ማስታገሻ፦ ትራማዶል፣ ኮዴይን ያለበት ኪኒን ወይም ሽሮፕ።

ይህ ዝርዝር አስፈላጊ የሆነው ሁሉም በአንድ መንገድ ስለማይቆም ነው። ጫትንና ሲጋራን በአንድ ቀን ማቆም ያስቸግራል እንጂ አንቺንም ጽንሱንም አደጋ ላይ አይጥልም። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ መጠጥንና ለወራት የተወሰደ ዲያዚፓምን በድንገት ማቆም ግን የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ትራማዶልን፣ ኮዴይንንና ሌሎች ኦፒዮይድ የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ነፍሰ ጡር ሆነሽ በድንገት ካቆምሽ የማጣት ሕመሙ በጽንሱም ላይ ሊመጣ ይችላል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ እንኳ በዝርዝርሽ ውስጥ ካለ በራስሽ አታቁሚ፤ ደረጃ 2ን ፈጽመሽ በሐኪም ክትትል ብቻ ቀንሺ።

ደረጃ 2፦ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተናገሪ

የእርግዝና ክትትል በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን ይመክራል። ወሩ ቢያልፍብሽም ዛሬ ሂጂ። መሄድ ካፈርሽ መጀመሪያ የቀበሌሽን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤትሽ ጥሪያት፤ አብራሽ እንድትሄድም ጠይቂያት።

አዋላጅ ነርሷን ለብቻዋ ስታገኚ በአጭሩ እንዲህ በያት፦ «እህቴ፣ ጫት እቅማለሁ። ማቆም እፈልጋለሁ። ከዚህ ሌላ ይህንና ይህን እወስዳለሁ። ምን ላድርግ?» ከዚህ በላይ ማብራራት አይጠበቅብሽም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ የጤና ባለሙያዎች ማንኛዋንም ነፍሰ ጡር ስለ መጠጥና ስለ ሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች በየክትትሉ እንዲጠይቁ፣ ሲጠይቁም እንዳይወቅሱና እንዳያዋርዱ መክሯል። አንዷ ብትቆጣሽ ሌላ አዋላጅ ጠይቂ፤ ክትትሉን ግን አታቋርጪ።

በዚያ ቀን እነዚህ እንዲታዩልሽ ጠይቂ፦

የደም ግፊት። በቃምሽበት ቀን ከፍ ሊል ስለሚችል መቼ እንደቃምሽ ተናገሪ።

የደም መጠንና የሽንት ምርመራ።

ክብደትና የክንድ ዙሪያ ልኬት። ልኬቱ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለብሽ ማለት ነው፤ ድጋፍ ይገባሻል።

አልትራሳውንድ፤ ቢቻል ከ24ኛው ሳምንት በፊት። የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ከታወቀ የጽንሱን ዕድገት መከታተል ይቀላል።

የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን። በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ ከሻይና ከቡና፣ በተለይም ከጫት ጋር አትውሰጂው። ሆድሽን ካስቸገረሽ ማታ ስትተኚ ውሰጂ።

ደረጃ 3፦ የምታቆሚበትን ቀን ቁረጪ

ሁለት መንገድ አለ። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የምትቅሚ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሚ። በየቀኑ የምትቅሚ ከሆነና በአንድ ጊዜ መተው ከከበደሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሺ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢጃባናውን ተዪ። ቀጥሎ የከሰዓቱን መጠን በግማሽ ቀንሺ፤ ቅጠሉን ራስሽ ከመምረጥና ከመግዛት ተቆጠቢ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን እያለፍሽ ቅሚ፣ በመጨረሻው ቀን አቁሚ። ቀኑን ለባልሽ ወይም ለምታምኛት ሴት ንገሪ። ቀን ያልተቆረጠለት መቀነስ ተመልሶ ይጨምራል።

የጫት ሱስን የሚያድን ኪኒን የለም። በእርግዝና ወቅት ለአነቃቂ ነገሮች ሱስ የሚሰጠው ሕክምና ምክር፣ ክትትልና የቤተሰብ ድጋፍ ነው። «ከጫት የሚያላቅቅ» እየተባለ የሚሸጥልሽን ኪኒንም ሆነ ባሕላዊ መድኃኒት ነፍሰ ጡር ሆነሽ አትውሰጂ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚገጥምሽና መፍትሔው የሚከተለው ነው፦

ድካምና ብዙ እንቅልፍ። ሰውነትሽ ያጣውን ዕረፍት እየመለሰ ነው። ተኚ፤ ቤተሰብሽ ሥራውን እንዲያግዝሽ አስቀድመሽ ንገሪ።

ዱካክ። ጫት ያቆመ ሰው በእንቅልፍ ልቡ የሚያስፈራ ቅዠት፣ የመታፈንና የመጨነቅ ስሜት ሊመጣበት ይችላል። በጊዜ ብዛት ያልፋል። ብቻሽን አትተኚ፤ ጎንሽን ዞረሽ ተኚ፤ ከመኝታ በፊት ሆድሽን አታጨናንቂ። ዱካክን ለማባረር ብሎ መቃም ሱሱን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።

ንዴትና ሆደ ባሻነት። ለቤተሰቡ አስቀድመሽ «እነዚህን ሁለት ሳምንታት ታገሡኝ» በያቸው።

ሐራራ። በለመድሽው ሰዓት ይበረታል፣ ጥቂት ቆይቶ ይበርዳል። ያን ሰዓት ባዶ አታድርጊው። ሰውነትሽን ታጠቢ፣ የጥላ መንገድ ፈልገሽ ተራመጂ፣ ልብስ እጠቢ፣ ጸልዪ ወይም ስገጂ፣ የማትቅም ጓደኛሽ ቤት ሂጂ። ለአፍሽ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ሎሚ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ያዢ። ቡናን በጫት ምትክ አታብዢ፤ በቀን ሁለት ሲኒ ይበቃሻል።

ብትሳሳቺና አንድ ቀን ብትቅሚ «አለቀልኝ» አትበዪ። ምን እንዳስቃመሽ ለይተሽ በማግስቱ ቀጥዪ፤ ለአዋላጇም ንገሪ።

ደረጃ 4፦ ቤቱንና ሰዓቱን ለውጪ

ባልሽ ከፊትሽ እየቃመ አንቺ ብቻ እንድታቆሚ መጠበቅ ትልቅ ሸክም ነው። ስለዚህ በርጫው ከቤት ይውጣ፤ ቢያንስ አንቺ ከምትተኚበትና ልጁ ከሚያድግበት ክፍል ይውጣ። የሲጋራና የሺሻ ጭስ ያለበት ክፍል አንቺ ባትቅሚም ጽንሱን ይጎዳል። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ የሚዘረጋው ቅሚያም በዚሁ ደንብ ይታይ።

ጓደኞችሽ «አቦ፣ ትንሽ ቅመሺ፣ ምን ይልሻል» ማለታቸው አይቀርም። መልስሽ አጭርና የማይለወጥ ይሁን፦ «ለልጁ ብዬ ትቻለሁ።» አትከራከሪ። ዱዓ ላይ ጫት ቢቀርብ ለበረከቱ አሚን በዪ፤ ቅጠሉን ግን ለጎረቤትሽ አሳልፊ። ጸሎቱ ያለ ጫትም ይደርሳል፤ ይህን የሚያስረዱልሽ ሼኮች አሉ፣ ጠይቂያቸው።

ጫት ነግደሽ የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ ፈተናው ይበልጥብሻል። ጫት ተራ ውሎ ማደር ለብዙ የድሬዳዋ ሴት የልጆች እንጀራ ነው፤ «ሥራሽን ተዪ» የሚል ምክር ዋጋ የለውም። የሚረዳሽ ይህ ነው፦ ገበያው ላይ በባዶ ሆድ አትቀመጪ፤ የምትበይውንና የምትጠጪውን ከቤት ይዘሽ ሂጂ፤ ሳይሸጥ የቀረውን «ከሚጣል» ብለሽ አትቃሚ፤ በተለመደው የቅሚያ ሰዓት የምትተካሽ ሰው አዘጋጂ፤ ከ7ኛው ወር በኋላ መቆሙንና መሸከሙን ቀንሺ። በየቀኑ ለጫት ታወጪው የነበረውን ገንዘብ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ለወሊድ መጓጓዣና ለአራስ ቤት ወጪ ይሆንሻል።

ደረጃ 5፦ የተዘጋውን የምግብ ፍላጎት መልሺ

ጫት ካቆምሽ በኋላ ረሃቡ ይመለሳል፤ ተቀበዪው። በቀን ከሦስት ጊዜ በተጨማሪ አንድ ተጨማሪ ምግብ ብዪ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላልና ሥጋ ደምሽን ይተካሉ። ብረቱ እንዲዋጥ ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ፓፓያ አብረሽ ብዪ፤ ሻይና ቡናን ከምግብ አርቂ። የግመል ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን ሳይፈላ አትጠጪው። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ይህም ለእርግዝና አደገኛ ነው።

የድሬዳዋ ሙቀት 30 ዲግሪን ሲያልፍ ውሃ በብዛት ጠጪ። ጫት አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ካቆምሽ በኋላም የሆድ ድርቀቱ ጥቂት ሊቆይ ስለሚችል ውሃና አትክልት መድኃኒትሽ ናቸው። በጾም ወቅት ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት በክርስትናም በእስልምናም ፈቃድ አለ፤ የንስሐ አባትሽን ወይም ሼክሽን አማክሪ።

ትራማዶልና ሌሎች የኦፒዮይድ መድኃኒቶችን የምትወስጂ ከሆነ

ትራማዶል በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። ለጥርስ፣ ለወገብ ወይም ለቀዶ ጥገና ሕመም ታዝዞ ሳይታሰብ የሚለመድበት ጊዜ አለ። ያለ እሱ የምትንቀጠቀጪ፣ የሚያልብሽ፣ የሚያቁነጠንጥሽ፣ ሆድሽን የሚቆርጥሽ፣ እንቅልፍ የምታጪ ከሆነ ሰውነትሽ ለምዶታል ማለት ነው። ከጫት ጋር ሲወሰድ ደግሞ አደጋው ይጨምራል፤ ትራማዶል በራሱ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ የሚችል መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ ሕጉ ከጫቱ የተለየ ነው፤ በድንገት አታቁሚ። ድንገተኛ ማቆም ሕመምሽን ያበረታል፣ ጽንሱንም ያስጨንቃል፣ ብዙ ጊዜም ወደ ባሰ አወሳሰድ ይመልሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2014 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ በኦፒዮይድ ሱስ ለተያዘች ነፍሰ ጡር መድኃኒቱን ከመንጠቅ ይልቅ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የተባሉትን የረጅም ሰዓት መድኃኒቶች በክትትል መስጠት እንደሚሻል ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ፣ በካናዳና በኦስትሪያ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ቡፕረኖርፊን የወሰዱ እናቶች ልጆች ሜታዶን ከወሰዱት እናቶች ልጆች ይልቅ ለመድኃኒት ማጣት ሕመማቸው ያስፈለጋቸው ሞርፊን በ89 በመቶ ያነሰ፣ የሆስፒታል ቆይታቸውም በ43 በመቶ ያጠረ ነበር። ሁለቱም ግን ካልታከመ ሱስ ይሻላሉ። አንቺ የምትወስጂው መድኃኒት ምን ዓይነት ክትትል እንደሚፈልግ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ያንቺ ድርሻ ኪኒኑን ይዘሽ መሄድና መጠኑን ሳትሸሽጊ መናገር ነው።

በማህፀን ሳለ ኦፒዮይድ የደረሰው ሕፃን ከተወለደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የመድኃኒት ማጣት ሕመም ሊይዘው ይችላል። ምልክቶቹ ቀጭንና የማያቋርጥ ለቅሶ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማስነጠስ፣ መጥባት አለመቻል፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ላብ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕፃን ቢያንስ ከ4 እስከ 7 ቀን ሆስፒታል ውስጥ መታየት አለበት፤ «ደህና ነው» ብላችሁ በ24 ሰዓት አትውጡ።

ደግነቱ ሕክምናው ሁልጊዜ መድኃኒት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2023 በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተሠራና 1,305 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ውጤት ታትሟል። ሕፃኑ መጥባቱን፣ መተኛቱንና ሲያባብሉት ዝም ማለቱን እያዩ የሚረዱበት አሠራር ተግባራዊ ሲሆን፣ ሕፃናቱ ከሆስፒታል ለመውጣት የሚበቁበት ጊዜ ከ14.9 ቀን ወደ 8.2 ቀን ወርዷል። ይህን አሠራር ቤተሰብ ሊያግዝ ይችላል፤ ብርሃንና ድምፅ መቀነስ፣ ሕፃኑን በጨርቅ አጥብቆ መጠቅለል፣ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቀፍ፣ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ ማጥባት። ይህ ሁሉ ካልበቃ ሐኪሙ መድኃኒት ይጨምርበታል።

የወሊድ ቀን

ምጥ ሲመጣ ሐራራን ለመቋቋም ወይም «ጉልበት ለማግኘት» ብለሽ አትቃሚ። ቅመሽ ከሆነ ስትደርሺ ተናገሪ፤ የደም ግፊትሽና የልብ ምትሽ የሚተረጎመው በዚያ ነው፤ ማደንዘዣ ቢያስፈልግሽም ባለሙያው ማወቅ አለበት። ኦፒዮይድ የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ልጁ ሲወለድ ትንፋሹ ቢደክም ናሎክሶን የተባለው መርፌ እንዳይሰጠው አስቀድመሽ አስታውቂ፤ ለእንዲህ ያለ ሕፃን ድንገተኛ መንቀጥቀጥ ሊያመጣበት ይችላል።

ልጅሽ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ ክብደቱም ይመዘን። ከ2,500 ግራም በታች ከሆነ ሙቀት እንዳያጣ ደረትሽ ላይ ገላ ለገላ አቅፈሽ ያዢው፤ ቶሎ ቶሎም አጥቢው።

የአራስነት ወራት

ብዙ እናት በእርግዝና ያቆመችውን ጫት የምትጀምረው በአራስ ቤት ነው። ጠያቂ ይበዛል፣ ጫት ይዞ የሚመጣ አለ፣ ሌሊቱ በለቅሶ ያልፋል፣ ቀኑም ይከብዳል። ከመውለድሽ በፊት ለቤተሰቡ ንገሪ፤ ጠያቂ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ፣ እንኳን አላህ አወጣሽ ብሎ ገንፎውን ቀምሶ ይሂድ፤ ጫቱን ውጪ ይተው።

ልጅሽን 6 ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ አጥቢ። ብትሳሳቺና ብትቅሚ ጡት ከማስጣል ይልቅ ጫቱን ተዪ። ወተቱ በስንት ሰዓት እንደሚጸዳ በአስተማማኝ የሚነግር ልኬት የለም፤ ስለዚህ «ሰዓት ጠብቄ አጠባለሁ» በሚል አትተማመኚ። ትራማዶልና ኮዴይን ግን ለሕፃኑ ትንፋሽ አደገኛ ናቸው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 የምታጠባ እናት እንዳትወስዳቸው አስጠንቅቋል። ሕመም ካለብሽ ለምታጠባ እናት የሚሆን ሌላ ማስታገሻ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ።

ከምርቃና በኋላ በሚመጣው ከባድ እንቅልፍ ውስጥ፣ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ወይም መጠጥ ወስደሽ ከሕፃኑ ጋር በአንድ ፍራሽ አትተኚ፤ ታፍኖ ሊሞት ይችላል።

ከወሊድ በኋላ በ24 ሰዓት፣ በ3ኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በ6ኛው ሳምንት ተመርመሪ። በየቀጠሮው የልጁ ክብደት ይመዘን፤ አንቺም ስለ ስሜትሽ ተናገሪ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ልጁን አለመፈለግ የወሊድ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና አለው።

ሳትዘገዪ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

በእናት ላይ፦ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከሆድ በላይ በኩል ኃይለኛ ሕመም፣ መንቀጥቀጥ፣ ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ትኩሳት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ራስን ወይም ልጅን የመጉዳት ሐሳብ።

በሕፃን ላይ፦ አለመጥባት፣ ፈጣን ወይም የሚያቃስት ትንፋሽ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት ወይም መቀዝቀዝ፣ ሊቀሰቀስ የማይችል እንቅልፍ፣ ማባበል የማያስቆመው ለቅሶ።

የት ትሄጃለሽ?

መጀመሪያ የቀበሌሽ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ቀጥሎ የሚቀርብሽ ጤና ጣቢያ። ለከባድ ነገርና ለወሊድ ችግር ሳቢያን አጠቃላይ ሆስፒታል ወይም ድል ጮራ ሆስፒታል አለ። መጠጥ፣ ዲያዚፓም ወይም ትራማዶል ካለበት፣ ድብርቱም ከበረታ የድል ጮራን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቂ። ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የክትትል ካርድሽን ሁልጊዜ ይዘሽ ሂጂ።

ለባሎች፣ ለእናቶችና ለአማቶች

አንተ ባል፣ ሚስትህ ስታቆም አብረህ አቁም፤ ካልቻልክ ከቤት ውጭ ቃም፣ ወደ ቤትም ጫት አታምጣ። በክትትል ቀን አብረሃት ሂድ። ብትሳሳት አትሳደብ፣ በሰው ፊትም አታንሣባት።

እናቶች፣ እናንተ የወለዳችሁበትን ዘመን አንነቅፍም። ዛሬ የታወቀው ያን ጊዜ አልታወቀም። ልጃችሁ «ተውኩ» ስትል «እኛም ቅመን ወልደናል» አትበሏት። ሌሊት ሕፃኑን ተቀብላችሁ አንድ ሁለት ሰዓት አስተኟት፤ ከዚህ የሚበልጥ የሱስ መድኃኒት ብዙ የለም።

የጤና ባለሙያዎችም በእያንዳንዱ ክትትል ላይ «ጫት ትቅሚያለሽ? ሌላስ የምትወስጂው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ሳይቀር ከተጠየቀ ነውርነቱ ይቀራል።

አንቺም እህቴ፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ አንድ ነገር አድርጊ፤ ነገ ጠዋት ካርድሽን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ለአዋላጇ እውነቱን ንገሪ። የቀረውን ደረጃ ብቻሽን አትሄጂውም።